ከተራራ ግርጌ የሰፈረ ሕዝብና የተራራው ዕዳ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)

ሰው ቤቱን የሚሠራበትን ስፍራ በሚመርጥበት ጊዜ ከጥንት ጀምሮ ዓይኑን ወደ ተራራ ማንሣት ልማዱ ነው። ተራራ ለጠላት መከላከያ፣ ለማገዶ ጫካ፣ ለመጠጥ ምንጭ፣ ለግንብ ድንጋይ ይሰጣልና፤ ከግርጌው የሚሰፍር ሕዝብ ለኑሮው የሚያስፈልገውን ሁሉ ከአንድ እጅ የሚቀበል ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ተራራ እንደ ማናቸውም አበዳሪ ነው። ሲሰጥ ዝም ብሎ ይሰጣል፤ የተሰጠው ሰው መመለስን በረሳ ጊዜ ግን ዕዳውን በጎርፍና በጥም ይጠይቃል።

ዛሬ የምንነጋገረው በመዲናችን በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላሉት ተራሮችና ከነዚሁ ተራሮች ግርጌና ጀርባ ስለ ተቈረቈሩት ስለ ሰበታ፣ ስለ ቡራዩና ስለ ሱሉልታ ነው። ነገሩ ለመንግሥት ሠራተኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአድማጮቻችን መካከል ብዙዎቹ የከተማው የቤት ኪራይ ስለ ከበዳቸው፣ ወይም በዕድሜያቸው አንዲት ጎጆ ለመሥራት ስለ ፈለጉ፣ ወደነዚህ ስፍራዎች ወጥተው ሰፍረዋል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ታክሲና አውቶቡስ ተጋፍተው፣ ወደየመሥሪያ ቤታቸው ይገባሉ፤ ማታም ተራራውን እያዩ ይመለሳሉ። ታዲያ በየቀኑ የምናየውን ተራራ ታሪኩን ሳናውቅ መኖር ከጎረቤት ጋር ስሙን ሳይጠይቁ መኖርን ይመስላል።

ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

፩ የተራሮቹ አቀማመጥ

አዲስ አበባን በሰሜን በኩል እንደ አጥር የከለላት የእንጦጦ ሰንሰለት ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በምዕራብ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚደርሰው ወጨጫ ይታያል፤ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የረር ቆመዋል። እነዚህ ሁሉ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ የተወለዱና ዛሬ እሳታቸው የጠፋ ተራሮች ናቸው። የሰበታ ከተማ ከወጨጫ በታች በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በእንጦጦ ምዕራባዊ ጫፍ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ።

የእንጦጦ ራስ እንደ ቤት ጣራ ሁለት ክፈፍ አለው። በደቡቡ ክፈፍ ላይ የወረደው ዝናም በቀበናና በአቃቂ ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ቈላውንና የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በጂቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በሰሜኑ ክፈፍ የወረደው ዝናም ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይወርድና ሱዳንንና ግብፅን አጠጥቶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይዘልቃል። አንድ ደመና ያዘነበው ውሃ፣ የአንድ ክንድ ልዩነት ባለው መሬት ላይ ስላረፈ ብቻ፣ ግማሹ የበረሓ ሲሳይ ግማሹ የባሕር ሲሳይ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ጣራ ላይ የሚቈረጥ አንድ ዛፍ የሚነካው የአንዱን መንደር ምንጭ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

፪ ዋና ከተማ ለምን ይዘዋወር ነበር

በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ነገሥታታችን በአንድ ስፍራ ተቀምጠው የሚገዙበት ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ቤተ መንግሥት ያገኘው ከድንኳን በተሠራ ታላቅ ሰፈር ውስጥ ነበር። ሠራዊቱና ባለሟሉ፣ ባለሙያውና ነጋዴው፣ በቅሎውና ከብቱ በአንድነት በሰፈሩበት ቦታ እህሉ በጥቂት ጊዜ ያልቃል፤ እንጨቱም እየተቈረጠ ይመነምናል። በዚህ ጊዜ ድንኳኑ ይነቀልና ሰፈሩ ጫካ ወዳለበት ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። በ1628 ዓ.ም. ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ይህ ልማድ ለብዙ ጊዜ ቢቋረጥም፣ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር።

ይህን ልማድ አንዳንድ ሰዎች እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ አድርገው ይመለከቱታል። ነገሩን በጥሞና ላየው ግን አንድ ጥቅም ነበረው። ሰፈሩ ሲነሣ የተጎዳው ተራራ ያርፍ ነበር፤ ዝናሙ ይመለስበት፣ ቍጥቋጦው ያቆጠቍጥበት ነበር። ዕዳው በዕረፍት ይከፈል ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ የዕዳው ሸክም የሚያርፈው ሰፈሩ በደረሰበት አገር ባላገር ላይ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ቀለብ የሰጠ፣ ጫካው የተመነጠረበት እርሱ ነበርና።

፫ እንጦጦና የማገዶ ችግር

ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበርና ከልቼ ተነሥተው ወደዚህ አገር በመጡ ጊዜ ለአጭር ጊዜ በወጨጫ ሰፍረው፣ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ወደ እንጦጦ ወጡ። የቀደሙ ነገሥታት ይቀመጡበት የነበረውን ስፍራ ለማደስ ይፈልጉ እንደ ነበር ይነገራል። በአካባቢው ለረዥም ዘመን የኖረው የቱለማ ኦሮሞ ሕዝብ ነበር፤ ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የተባሉት የዛሬ ሰፈሮችና አገሮች ስማቸውን የያዙት ከዚሁ ሕዝብ ነው። ከተማዋ ከመቈርቈሯ በፊት ፊንፊኔ በተባለው ሜዳ ላይ ከብቱን ያግድ፣ ከፍል ውሃው አጠገብ ከብቱን ሆራ ያጠጣ የነበረው ይህ ሕዝብ በመሆኑ፣ የተራራው ታሪክ ያለ እርሱ ታሪክ አይሟላም።

የእንጦጦ ከተማ ለጦር ምሽግ የተመቸ ነበር፤ ለኑሮ ግን የከበደ ሆነ። ብርዱና ነፋሱ ይበረታል፤ ውሃውን ከታች መቅዳት፣ እንጨቱን ከሩቅ ማምጣት ያስፈልጋል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ቢጭኑም፣ ሕዝቡና መኳንንቱ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ወረዱ፤ እንጦጦም የአብያተ ክርስቲያናት ተራራ ሆኖ ቀረ።

ከተማው ወደ ግርጌው ቢወርድም ችግሩ አብሮ ወረደ። እያንዳንዱ መኰንን በየጉብታው ላይ ግቢውን ሠርቶ ሠራዊቱን በዙሪያው ያሰፍር ስለ ነበረ፣ ለቤቱ ማዋቀሪያ፣ ለአጥሩ፣ ለወጥ ቤቱ የሚፈልገው እንጨት ማለቂያ አልነበረውም። የተራሮቹ ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጨፈጨፈ። ከዓድዋ ድል በኋላ የውጭ አገር መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ያዩት ዛሬ እንደምናየው በዛፍ የተሸፈነ ተራራ አልነበረም፤ ራቁቱን የቀረ ዳገት ነበር እንጂ። እንጨት ለመልቀም የወጣ አገልጋይ የቀኑን እኩሌታ በመንገድ ይፈጅ ጀመር።

ስለዚህም የጥንቱ ልማድ ተመልሶ መጣ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው፣ ጫካ ባልጠፋበት በኤጀሬ አገር አዲስ ዓለም ብለው ሌላ ከተማ አስቈረቈሩ፤ ቤተ መንግሥትም አሠሩ። መዲናው ሊነሣ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ዕቃውን ለመጫን አሰበ። በመጨረሻ ግን አሳቡ ተለወጠና የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተዛወረ። እስከ ዛሬም የአዲስ ዓለም ማርያም ትባላለች።

፬ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ

መዲናውን በስፍራው ያቆመው አንድ እንግዳ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የባሕር ዛፍ ፍሬ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ያስመጣውም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ ሆነ ይነገራል። የዛፉ የትውልድ አገር አውስትራሊያ ነው። ሕዝባችን ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ «ባሕር ዛፍ» ብሎ ስም አወጣለት። መልኩንም ለይቶ ነጭና ቀይ ባሕር ዛፍ አለው።

የዚህ ዛፍ ጠባይ ለተቸገረ ከተማ እጅግ የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ጽድ ለአቅመ ቤት መሥሪያ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ይጠይቃል፤ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለማገር ይደርሳል። ቢቈርጡት ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቍጣል። ከብትም ቅጠሉን አይበላውም። መንግሥት ችግኙን አባዝቶ ሕዝቡ እንዲተክል ስለ አበረታታ፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በየግቢው፣ በየመንገዱ ዳርና በየዳገቱ ተስፋፋ። አዲስ አበባም የባሕር ዛፍ ከተማ ተባለች። የመኰንኑን ብቻ ሳይሆን የድኻውንም ቤት ያቆመ፣ የጠላውን ጋን ያሞቀ፣ የእንጀራውን ምጣድ ያሰማ ይኸው ዛፍ ነው።

ይሁንና ገና በጥዋቱ ነቀፌታ አልታጣበትም። ዛፉ ምንጭና ጕድጓድ ያደርቃል የሚል አቤቱታ ስለ በዛ፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዛፉ የሚበዛው እጅ ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ አዋጅ ወጥቶ ነበር። አዋጁ ግን በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ማታ እሳት የሚያነድበት ሌላ ነገር አልነበረውም። ሕግ ከምድጃ ጋር ሲጣላ የሚያሸንፈው ምድጃ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምረናል፤ አዋጅ ለምንጽፍና ለምናስፈጽም ሰዎች ይህ ትምህርት ዛሬም አላረጀም።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ መዲናውን ከመነቀል ሲያድን የጥንቱን የዕዳ አከፋፈል ደግሞ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ተነሥቶ ተራራው የሚያርፍበት ጊዜ የለም። ንጉሥ ምኒልክ «እንነሣ» ለማለት ይችሉ ነበር፤ ዛሬ ግን በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ወደ የትኛው አዲስ ዓለም ይነሣል? ቋሚ ከተማ ያለው ሕዝብ ዕዳውን በቆመበት መክፈል አለበት።

፭ የመናገሻ ጫካ ምስክርነት

በዙሪያችን ያለው ተራራ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕድል አልገጠመውም። ከሰበታና ከሆለታ መካከል በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ጫካ የጥንቱ ደን እንዴት ያለ እንደ ነበር ዛሬም ቆሞ ይመሰክራል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ወይራ በአንድነት ይገኙበታል። በቃል እንደሚነገረው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ የጽድ ፍሬ አስመጥተው፣ የተራቈተውን ተራራ እንዲያለብሱት አዘዙ። ከዚያም በኋላ ጫካው የመንግሥት ሆኖ ሲጠበቅ ኖሯል። በ20ኛው ምዕት ዓመት መጋዝ ገብቶበት ብዙ ጥንታዊ ዛፍ ቢወድቅም፣ ፈጽሞ አልጠፋም።

የቃሉ ታሪክ ዝርዝሩ ምንም ይሁን፣ ትርጕሙ ታላቅ ነው። አባቶቻችን ተራራ ሊራቈት እንደሚችል፣ የተራቈተም ተራራ በሰው እጅ ተመልሶ ሊለብስ እንደሚችል ያምኑ እንደ ነበር ያሳያል። አንድ ትውልድ የተከለውን ሌላው ሳይቈርጥ ሊያስተላልፈው እንደሚችልም ጫካው ራሱ ማስረጃ ነው። ከእንጦጦና ከወጨጫ ግርጌ የሚኖር ሰው እነዚህን ሁለት ተራሮች ጎን ለጎን ቢያስተያያቸው ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ይማራል።

፮ ሦስቱ ከተሞች

ሰበታ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱና የሴቶች ገዳሙ ስሙን ያስጠሩለት ስፍራ ነው። ከወጨጫ የሚወርደው ንጹሕ ውሃ ፋብሪካን ስለ ጠራ፣ የሜታ አቦ ቢራ በዚህ ተጠመቀ። ከዚያ ወዲህ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የሌላም ዕቃ ፋብሪካዎች ተከታትለው ተተከሉ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ወደ ጂቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም መነሻው ሰበታ ነው። ይህ ሁሉ ሥራና እንጀራ እንዳመጣ አይካድም። ይሁን እንጂ ከተራራው ንጹሕ ሆኖ የወረደ ውሃ ከፋብሪካዎቹ በታች መልኩ ተለውጦ ሲፈስ ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ ያየዋል።

ቡራዩ የገፈርሳ ጎረቤት ነው። አዲስ አበባ በመጀመሪያ ከእንጦጦ ምንጮች፣ በኋላም በ1930ዎቹ ዓ.ም. ከተገደበው ከገፈርሳ ውሃ ትጠጣ ነበር። የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እስኪሠራ ድረስ የመዲናው ዋና የውሃ ጋን ገፈርሳ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬም ከሥራ አልወጣም። አንድ ሰው በቡራዩ ዳገት ላይ ቆሞ ወደ ታች ቢመለከት የሌላውን ከተማ ውሃ በዓይኑ ያያል፤ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን ቧንቧው ብዙ ቀን ደርቆ ይጠብቀዋል፤ በቢጫ ጀሪካን የተቀዳ ውሃ በአህያ ጋሪ ይገዛል። ከተራራው ጎን ደግሞ ለመዲናው ሕንፃ የሚሆን ድንጋይ ሲፈለጥ፣ ካባው እየሰፋ ሄዶ ዳገቱን እንደ ተቦጨቀ እንጀራ አድርጎታል።

ሱሉልታ የደጋ ሜዳ ነው። ብርዱ ይበረታል፤ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ የሚታጨድ ሣር የሞላበት ሰፊ መስክ ነበር። ለአዲስ አበባ ወተትና ድርቆሽ ሲያቀርብ ኖሯል። የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ የሚወርደው የጎጃም መንገድ የሚያልፈው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ከፍታው ለሳንባ የተመቸ በመሆኑ፣ ስማቸው በዓለም የተጠራ ሯጮቻችን ጥዋት ጥዋት በዚህ ሜዳ ይለማመዳሉ። ዛሬ ግን መስኩ በቤትና በመጋዘን እየተሸፈነ ነው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ሲሸፈን ውሃው ሌላ መኝታ መፈለጉ አይቀርም፤ የሚያገኘውም የሰው ቤት ነው።

በ2015 ዓ.ም. እነዚህ ሦስት ከተሞች ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ተጠቃልለው በኦሮሚያ ክልል ሥር በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ ክፍለ ከተሞች ሆነዋል።

፯ ጫካ የሌለው ዳገት ምን ያመጣል

ተራራ ልብሱን በለበሰ ጊዜ ዝናሙ በቅጠል ላይ ያርፋል፤ ከቅጠል ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ አፈር ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በክረምት የገባው ውሃ በበጋ በምንጭ በኩል ይወጣል። ተራራው ራቁቱን በቀረ ጊዜ ግን ዝናሙ አፈሩን በጥፊ መትቶ ጠርጎ ይወርዳል። በዚያው ክረምት ጎርፍ፣ በዚያው በጋ ጥም ይሆናል። ሁለቱ መከራዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በባሕር ዛፍ በተሸፈነው ዳገት እንኳ፣ የወደቀው ቅጠል ለምጣድ ማገዶ እየተጠረገ ስለሚወሰድ፣ ከዛፉ በታች ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስላት በደረቁ የምሥራቅ ተራሮች ግርጌ፣ በበረሓው አፋፍ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ የዓመቱን ብዙውን ጊዜ ደርቆ ስለሚውል፣ ሰው በአሸዋው ላይ ይመላለሳል፤ ይነግድበታልም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሌሊት በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናም በተራቈቱት ዳገቶች ላይ ተጠራቅሞ በደቻቱ ወረደ። ሕዝቡ በተኛበት ደረሰበትና ከ200 በላይ የሆነ ነፍስ ጠፋ። በከተማው ውስጥ ግን በዚያች ሌሊት ይህን ያህል ጎርፍ የሚያመጣ ዝናም ያየ አልነበረም። ጎርፉ የመጣው ከማያዩት ተራራ ነውና።

ከአገራችንም ውጭ ተመሳሳይ ነገር ይገኛል። የፋርስ መዲና ቴህራን በ1778 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በአልቦርዝ ተራሮች ግርጌ በደረቅ ምድር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከተራራው ሥር በተቈፈረ የምድር ውስጥ ቦይ ውሃ እየወረደላት አደገች። ከዚያም እየሰፋች ወደ ዳገቱ ወጣች፤ የጥንቱ የጎርፍ መውረጃ ሁሉ መንገድና ቤት ሆነ። በሐምሌ 1979 ዓ.ም. ከተራራው የወረደ ጎርፍ ታጅሪሽ በተባለው ሰፈር በመቶ የሚቈጠር ሕዝብ ገደለ። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕት ዓመት፣ በአቴና ዙሪያ ያሉት ተራሮች አፈራቸው ታጥቦ በሕመም የከሳ ሰው አጥንት መምሰላቸውን እያዘነ ጽፏል። እንግዲህ በሽታው አዲስ አይደለም። ሰው በየዘመኑ የሚያስታውሰው ግን ከታመመ በኋላ ነው።

፰ ዕዳው የማን ነው

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ በማገዶ ለቃሚዎቹ ላይ ሊጭኑ ይፈልጋሉ። በእንጦጦ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ እነዚህን ሴቶች አይቷል። ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ የእንጨትና የቅጠል ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ከዳገቱ ይወርዳሉ። ይህን የሚያደርጉት ተራራውን ስለ ጠሉ አይደለም፤ ልጆቻቸው ማታ እንዲበሉ ነው። የተሸከሙትንም የምናነደው እኛ የከተማ ሰዎች ነን። ሸክሙ በእነርሱ ጀርባ፣ እሳቱ በእኛ ምድጃ ከሆነ፣ ዕዳውን ለእነርሱ ብቻ መጻፍ ፍርድ አይሆንም።

ሁለተኛው ባለ ዕዳ የምንለው ቤት ፈላጊው ነው። ቤት መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ቤት የተሠራበት መሬት ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት የነበረ፣ ከብት ይሰማራበት የነበረ የገበሬ መሬት ነው። ገበሬው በጥቂት ካሣ ከመሬቱ ተነሥቶ፣ ካሣው ካለቀ በኋላ በቀድሞ እርሻው ላይ በቆመው ግቢ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረበት ጊዜ አለ። ይህ ቅሬታ ተጠራቅሞ ምን እንዳመጣ ሁላችንም እናስታውሳለን። አዲስ አበባንና በዙሪያው ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት ለማስፋፋት በታሰበው ዕቅድ ምክንያት በ2006 ዓ.ም.፣ እንደ ገናም በ2008 ዓ.ም. ታላቅ ተቃውሞ ተነሥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ጥሪቱን በግድግዳ ላይ ያፈሰሰ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ቀረ።

እነዚህን ነገሮች የምናነሣው ቁስል ለመነካካት አይደለም። በአንድ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ቀዳሚው ገበሬና ኋለኛው ሰፋሪ ዕጣቸው አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው። ምንጩ ሲደርቅ ለሁለቱም ይደርቃል። ጎርፉም ሲወርድ የቤቱን ካርታ ጠይቆ አይገባም።

ሦስተኛው ባለ ዕዳ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጠው ነው። የድንጋይ ካባ ፈቃድ የሚፈርመው፣ የወንዝ ዳር መሬት ለቤት የሚመራው፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ሳይመረምር የሚያልፈው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከአንድ ብዕር የሚወጣ ፊርማ ከመቶ መጥረቢያ የበለጠ ተራራ ሊያራቍት፣ ከመቶ ችግኝም የበለጠ ተራራ ሊያለብስ ይችላል።

፱ ምን ሊደረግ ይገባል

ተስፋ የሚሰጡ ሥራዎች አልታጡም። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ሕዝቡ ተራራውን ለማገዶ ብቻ ሳይሆን ለመናፈሻ ጭምር ያውቀው ጀምሯል። በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም የአገር ዛፎች እየተጠኑ ይጠበቃሉ። ቢሆንም ችግኝ የተተከለ ዕለት ጫካ አይሆንም። የሚቈጠረው ከሦስት ክረምት በኋላ ቆሞ የተገኘው ነው።

የአገራችን ሰው «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል። ከዚህ ምሳሌ ብንነሣ ከእያንዳንዳችን የሚፈለገው ሥራ ከባድ አይደለም። በግቢያችን ከባሕር ዛፍ ይልቅ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ ወይም ጽድ አንድ ሁለት እግር መትከልና ውሃ ማጠጣት፤ የክረምቱን የጣራ ውሃ በበርሜልና በጕድጓድ ማጠራቀም፤ የሰፈሩን የጎርፍ መውረጃ በቈሻሻና በአጥር አለመድፈን፤ በዕድርና በማኅበር ሆኖ ከሰፈሩ በላይ ያለውን ዳገት ከካባና ከመጥረቢያ መጠበቅ፤ ቀድሞ ከኖረው ገበሬ ጋር በእኩልነት ተቀምጦ ስለ ምንጩ መመካከር፤ በመሥሪያ ቤትም በኩል ፊርማን ከኅሊና ጋር ማዋል። እነዚህ ሁሉ በእጃችን ያሉ ናቸው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ የቀደሙት ሰዎች ተራራው ሲራቈትባቸው ድንኳናቸውን ነቅለው ይሄዱ ነበር። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ከባሕር ማዶ ዛፍ አስመጥተው ከተማቸውን አቆሙ። ለእኛ የሚነቀል ድንኳን የለንም፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሌላ ተአምረኛ ዛፍም መጠበቅ አይገባንም። የቀረልን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተባለው መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም የራሳችንን ዛፍ በራሳችን ተራራ ላይ ተክሎ፣ ፍሬውን ለማናየው ልጅ ማቈየት ነው። ከወጨጫ፣ ከእንጦጦና ከሱሉልታ ዳገት በታች ቤት የሠራ ሁሉ ለልጁ የሚያወርሰው ግድግዳውንና ጣራውን ብቻ ሳይሆን ከጣራው በላይ የቆመውን ተራራም ጭምር መሆኑን እንዲያስብ አደራ እንላለን።